ከአባቴ ቃሬዛ ስር የወጣሁ ዕለት

ባለፈው ክረምት ሸዋ ሮቢት መውጫ ላይ፣ ጎርፍ ያመጣው አሸዋ የያዘውን የወንድ ልጄን ባጃጅ ስገፋ ውዬ ሽንቴ ጥቁር ሻይ መሰለ። ሐኪም ቤት ያልተመረመርኩት ነገር አልቀረም፤ በመጨረሻ ጡንቻህ ውስጥ አንድ ኢንዛይም ከልደትህ ጀምሮ የለም ተባልኩ። ነገሩን ያፍታታችልኝ ባዮሎጂ የምታስተምረው ልጄ ዘሃራ ናት።

ሰውነት የተረፈውን ስኳር እንደ ሰንሰለት ቀጣጥሎ በጉበትና በጡንቻ ያስቀምጣል፤ ግላይኮጅን ይሉታል አለችኝ። ኢንዛይሙ ከጫፍ ከጫፉ እየሸረፈ ለሥራ ያቀርበዋል። ስንንቀሳቀስ ወይም ስንደነግጥ ጀምር የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ ጉልበት ሲበቃ ቁም ይባላል።

"የአንተ ጡንቻ ስኳሩ አለው፣ መልእክቱም ይደርሰዋል፤ የሚሸርፈው ግን የለም" አለች። "ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ የሚኮማተርብህ። ትንሽ ስትቆይ ደም ከጉበት ስኳር፣ ከሌላ ቦታም ስብ ያመጣልሃል፤ ያኔ ይቀልሃል።"

እሷ ታስረዳለች፣ እኔ ልቤ ወደ ተወለድኩባት ማጀቴ ሄዷል።

አባቴ የሞተው ማሾ በሚለቀምበት ወቅት ነው፤ ጎረምሳ ነበርኩ። እኛ ዘንድ ጀናዛ አይጓተትም፤ ቃሬዛው በጥድፊያ ይሄዳል፣ ሰው እየተፈራረቀ ትከሻውን ይሰጣል። ቃሬዛው ሲነሳ የበኩር ልጅ ከፊት ይይዛል፤ በኩሩ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ እርሻ ላይ ጠዋት ጠዋት ስለምዝል ሰነፍ የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር። ምሳ ሲደርስ ይበረታል ይሉኝ ነበር፤ እውነትም የምበረታው ዘግይቼ ነው።

መቃብሩ ዳገት ላይ ነው። ከአጥራችን ሳንርቅ ጭኔ ደረቀ፣ ጣቶቼ አልዘረጋ አሉ፣ ቃሬዛውም ወደ እኔ አዘነበለ። አጎቴ ሰይድ ፈጥነው ገብተው ቦታዬን ያዙ። ከሽማግሌዎቹ ኋላ እያነከስኩ ተከተልኩ። አቧራው፣ ሙቀቱ፣ የሰው ዓይን። ለአባቴ ያለቀስኩት እንኳ አፍሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

መንገዱ ሲጋመስ ሰውነቴ እንደ ልማዱ ተፍታታልኝ። ሮጬ አጎቴ ጋ ደረስኩና አሁን እችላለሁ፣ ይስጡኝ አልኳቸው።

"ተው ልጄ፣ አባትህን ትጥልብናለህ" አሉኝ በቀስታ።

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ዘሃራ ስትጨርስ "አየህ አባዬ፣ ስንፍና አልነበረም" አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁላት። አጎቴም ሌሎቹም አልፈዋል፤ ለማን አስረዳለሁ? ደግሞ እኔን የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ቆይቶ እንደሚቀለኝ አውቅ ነበር። መጀመሪያውን ሌላ ሰው ይያዝልኝ፣ መጨረሻውን ለእኔ ተዉልኝ ብዬ ብለምን፣ አባቴን እስከ ጉድጓዱ አደርሰው ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዝም አልኩ።