ገመድ ጠባቂው ኔቪል

ኔቪል ስኬፍን አልወደውም። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ኋላ ላይ «ኦድሪ ቂመኛ ናት» የሚል እንዳይመጣብኝ ነው። አዎ፣ ቂመኛ ነኝ። ስለ እሱ ደግ ደጉን መስማት የሚፈልግ ካለ ሌላ ሰው ይጠይቅ፤ የሚያገኝ ግን አይመስለኝም።

ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠር ኖሮ ጡረታ ወጣ። ትኬቱን ቤት የረሳ ቄስ ከባቡር አውርዷል እየተባለ ይወራበት ነበር። አንድ ቀን እውነት እንደሆነ ብጠይቀው «አንድ አይደለም፣ ሁለት ቄስ ነው» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን ኩራት ነው። ሚስት አላገባም። እናቱ እስክትሞት ድረስ ከእሷ ጋር በአንድ ጠባብ ቤት ኖረ፤ መርፌ መያዝ ያስተማረችውም እሷ ናት። እዚህ ላይ አልዋሽም፣ ሰውዬው ስፌት ያውቃል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ልብስ ሳጠብና ሳሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የኔቪልን የእጅ ስፌት ባየሁ ቁጥር ተናድጃለሁ። የምጠላው ሰው እጅ ያን ያህል የተባረከ መሆኑ ያበሳጨኝ ነበር።

የጥንት ሰው ልብስ ለብሰን እንደ ጥንቱ የምንኖርበት ማኅበራችን በየዓመቱ ሰኔ ላይ ቅዳሜና እሑድ አንድ ገበሬ ማሳ ላይ ድንኳን ይተክላል። ቅዳሜ እንሰፍራለን፤ እሑድ ጠዋት እንደ ጥንቱ ተሳላሚዎች ምርኩዝ ይዘን ፈርሶ የቀረው ገዳም ድረስ ስድስት ማይል በማሳና በጫካ እንሄዳለን። ሰፈሩ ዙሪያውን በገመድ ይታጠራል። ከገመዱ ውስጥ ዘመኑ 1380 ነው፤ ከገመዱ ውጭ መኪና ማቆሚያና ሻይ የሚጠጣ ተመልካች ነው። በ1380 ያልነበረ ነገር ገመዱን አያልፍም። የማያሳልፈው ደግሞ ኔቪል ነው።

እንዴት እንደሚፈትሽ ልንገራችሁ። አሮጌ ትራስ ላይ ይንበረከክና የቀሚስሽን ጠርዝ ይገለብጣል። ከዚያ የአውራ ጣት ስፋት ያላትን የእንጨት መለኪያ ጨርቁ ላይ ያስቀምጥና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ስፌቱን ይቆጥራል። በአንድ አውራ ጣት ስምንት ስፌት መኖር አለበት። ስድስት ከሆነ ያዝናል፤ የመኪና ስፌት ካገኘ ግን አያዝንም። «በአስፋልቱ» ይላል። ሱሪሽን ለብሰሽ በመኪና መንገዱ ሂጂና ገዳሙ በር ላይ ከተመልካቹ ጋር ጠብቂን ማለቱ ነው። እንዲህ ተብላ አልቅሳ የሄደች ሙሽራ አውቃለሁ።

የዛሬ አራት ዓመት ባሌን ሴድሪክን እንዲህ አለው። ሴድሪክ የስኳር በሽተኛ ነበር፤ እግሩ ቆሳስሎ ነበር። ጫማውን ራሱ ከቆዳ ሠራውና ከሥሩ ስስ ላስቲክ ለጠፈበት። ከላይ ምንም አይታይም። ኔቪል ግን የፈረስ ኮቴ እንደሚያይ ሰው እግሩን ብድግ አድርጎ አየና «ላስቲክ ነው» አለ።

«እግሬን እኮ አሞኝ ነው ኔቪል፤ ታውቀዋለህ» አለው ሴድሪክ።

«አውቃለሁ። በአስፋልቱ።»

ሴድሪክ ሳቀ። ሁሉን ነገር በሳቅ የሚያልፍ ሰው ነበር። «ሂጂ አንቺ፣ ከኋላ እደርስብሻለሁ» አለኝ። እኔም ሄድኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ባሌን መኪና ማቆሚያ ላይ ጥዬ ምርኩዜን ይዤ ሄድኩ። ገዳሙ ስንደርስ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሻይ ይዞ ሲጠብቀን አገኘሁት። ለደረሰ ተሳላሚ ሁሉ የምትሰጠውን ትንሿን የቆርቆሮ ምልክት ለእሱ አልሰጡትም፤ ተሳላሚ አይደለማ። በየካቲት ሞተ። ኔቪል ቀብሩ ላይ በእጁ የሰፋውን ጥቁር ሱፍ ለብሶ መጣ፤ እጄን ጨበጠኝ፤ ስለ ጫማው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቀን እሱን ከገመዱ ውጭ ቆሞ ማየት እፈልግ ነበር። ሌላ ነገር አልፈለግሁም።

ዘንድሮ ቅዳሜ ጠዋት ተራዬ ደርሶ ገመዱ ላይ ቆምኩ። ኔቪል አዲስ ቡናማ ካባ ለብሷል። ተንበርክኮ ጠርዜን ሲቆጥር ከላይ ሆኜ አንገቱን አየሁት። የካባው ኮሌታ ትንሽ ተገልብጦ ነበር። ከላይ የሚታየው ስፌት የእጅ ነው፤ ትልልቅና ዘመም ያለ፣ የእሱ የማይመስል። ከሥሩ ግን ሌላ ስፌት አለ፤ ቀጥ ያለ፣ እኩል፣ ከዚህኛውም ከዚያኛውም ወገን ክር ያለው። ሃያ ስድስት ዓመት ያየሁትን ነገር አልሳሳትም። የመኪና ስፌት ነው! ከላይ በእጅ ሸፍኖታል።

«ጨረስክ?» አልኩት።

«ስምንት። እለፊ» አለኝ ቀና ሳይል።

አለፍኩ። እዚያው ላጋልጠው እችል ነበር፤ ግን ሦስት ሰው ብቻ ነበር የሚሰማው። እኔ ሁሉም እንዲሰማ ፈለግሁ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የንስሐ ሰዓት አለን። ማኅበሩ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ሰዓት ነው። አበምኔት የሚሆነው ሩፐርት፣ ከገመዱ ውጭ ጥርስ ነቃይ ነው፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ሰው ፊቱ ቆሞ በ1380 ደንብ ላይ የሠራውን አንድ ኃጢአት ይናዘዛል፤ ሩፐርት ቀኖና ይሰጠዋል። ዘንድሮም እንደ ወትሮው ሆነ። ፀጉሩን ቀለም የተቀባ አንድ ጎረምሳ ጭድ ፍራሹ ውስጥ ስልክ መደበቁን ተናዘዘና ማገዶ እንዲሸከም ተፈረደበት። ቀጥላ ዲሊስ ወጣች። ዲሊስ የሰፈሩ ወጥ ቤት ናት፤ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ለወሬ ገደብ የላትም።

«አባ፣ ሾርባው ላይ ከሱቅ የተገዛ የዶሮ ቅመም ጨምሬያለሁ።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ ወይስ ዘንድሮ ብቻ?» አላት ሩፐርት።

«አባ፣ አንዱን ኃጢአት ነው የተናዘዝኩት።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሃምሳ ራስ ሽንኩርት እንድትልጥ ተፈረደባት።

ኔቪል ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው። ሁልጊዜም «ምንም የለኝም» ይላል፤ ሁልጊዜም ሰው «ኡኡ!» ይልበታል። ዘንድሮም ወጣ። «ምንም የለኝም» አለ፤ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነበር። «ኡኡ!» ተባለ። ያኔ ተነሣሁ።

«አባ፣ ኮሌታውን ይገልብጥ።»

ኔቪል ዞሮ አየኝ። ይክዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። እንዲክድ ፈልጌም ነበር፤ የምመልሰውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን ካባውን አውልቆ ለሩፐርት ሰጠው። ሩፐርት ኮሌታውን ገልብጦ አየ፤ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ እንደገና አየ። «የመኪና ነው» አለ።

አንድ ሰው ከኋላ «ትኬትህን አሳየን ኔቪል!» ብሎ ጮኸ። ሜዳው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሩፐርት ነገሩን ወደ ጨዋታ ሊመልሰው ፈልጎ «በል እንግዲህ፣ ከዲሊስ ጋር ሽንኩርት ትልጣለህ» አለ።

«ለሴድሪክ ሽንኩርት አልተሰጠውም» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ሩፐርት መሬት መሬት ያያል። ኔቪል መለኪያዋን ከመቀነቱ ፈትቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። «ልክ ናት። ሕጉ አንድ ነው» አለና ካባውን ይዞ በገመዱ ሥር ጎንበስ ብሎ ወጣ። ማንም አላስወጣውም፤ ራሱን በራሱ አስወጣ። እንዲለምነኝ ነበር የፈለግሁት። ይህችን እንኳ ነፈገኝ።

ሩፐርት ቆይቶ መለኪያዋን ይዞልኝ መጣ። «ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ፤ ከእንግዲህ አንቺ ያዣት» አለኝ። ተቀበልኩት። ቶሎ ነበር የተቀበልኩት።

ከሰዓት በኋላ ከዲሊስ ጋር ሽንኩርት ስልጥ ኔቪል ከገመዱ ማዶ መኪናው አጠገብ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይታየኛል። ሱሪና ሹራብ ለብሷል። ካባውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ በትንሽ መቀስ የመኪና ስፌቱን ይተረትራል። ገባኝ፤ እስከ ጠዋት በእጅ መልሶ ከሰፋው በሕጉ መሠረት ሊገባ ይችላል። ተርትሮ ጨረሰ። መርፌ አወጣ፣ ክሩን በምራቁ አረጠበና ሊያስገባ ሞከረ። እጁ ተንቀጠቀጠ። ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ሞከረ፤ ተንቀጠቀጠ። እጁን ትንሽ አሳርፎ እንደገና ሞከረ።

«እጁ እንዲህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው» አለች ዲሊስ ቢላዋዋን አስቀምጣ። «ሐኪም ጋ እኔ ነኝ የማመላልሰው። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኛል።»

«ታዲያ ለምን ትነግሪኛለሽ?»

«ክር ታስገቢለት እንደሆነ ብዬ ነዋ።»

«ዓይኔ ሽንኩርት ገብቶበታል» አልኳት።

«እኔም ሽንኩርት ነው የምልጠው፤ ግን ይታየኛል» አለችና ፊቷን አዞረችብኝ።

አልሄድኩም። ያን ካባ በሦስት ሰዓት ውስጥ ገጥሜ ልሰጠው እችል ነበር፤ ገመዱ ደግሞ ከተቀመጥኩበት አሥር እርምጃ አይሞላም። አዘንኩለት? አዎ፣ ትንሽ አዘንኩ። ደስታዬ ግን ከሐዘኔ ይበልጥ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ መርፌውን ሲያነሣና ሲጥል አየሁት።

እሑድ ጠዋት ሰልፉ ከገመዱ አፍ ጀምሮ ተሰለፈ። ምርኩዜንና መለኪያዋን ይዤ ከፊት ቆምኩ። ከመነሣታችን በፊት አንድ ጊዜ ሁሉም ይታያል፤ እሱም የኔቪል ደንብ ነው። እያየሁ አሳለፍኩ፤ ሥራው ቀላል ነበር፤ ሁሉም ትናንት ታይቶ ያለፈ ነው። ዲሊስ ጋ ስደርስ ቆመች። ጉልበቷ አብጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል። እግሯን ራሷ አነሣችልኝ። ጫማው ከላይ ቆዳ ነው፤ ከሥሩ ጥቁር ላስቲክ ነው፤ የፋብሪካው ማኅተም ሳይቀር ይታያል።

«የትናንቱን ጫማ አልቻልኩትም ኦድሪ» አለችኝ። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሩፐርት አቀርቅሯል። ኔቪል ከገመዱ ማዶ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሟል፤ ካባው ክንዱ ላይ ነው፤ አንዱ እጅጌ በአራት አምስት ጠማማ ስፌት ተይዞ ተንጠልጥሏል። ሌሊቱን ሙሉ የሠራው ያን ነው። «በአስፋልቱ» ብላት ሴድሪክን በገዛ እጄ መልሼ ማስወጣቴ ነው። ባሳልፋት ደግሞ ትናንት ሰውየውን ያስወጣሁት ለሕግ ብዬ እንዳልሆነ ይህ ሁሉ ሰው ያውቃል። ከጫማው ላይ ዓይኔን አንሥቼ ፊቷን አየሁ።

«አላየሁም» አልኳት። «እለፊ።»

ዲሊስ አለፈች። ሰው ተነፈሰ። ሩፐርት ቀና አለ፤ ከዚያ እሱም፣ ባለ ስልኩም ልጅ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ወደ ገመዱ ማዶ ተመለከቱ፤ ቀጥሎ ደግሞ ወደ እኔ። ምን እንደሚጠብቁ አውቄያለሁ። ያችኑ ቃል ለኔቪልም አንድ ጊዜ ብደግማት ይበቃ ነበር።

ኔቪል ገመዱን አልነካም። ካባውንም አላሳየኝም። እጁ እንዳይታይ ካባው ሥር ሸጉጦታል።

«አላየሁም» አለ ቀስ ብሎ፤ ለእኔም ለራሱም። «ሴድሪክንም እንዲህ ልለው እችል ነበር።»

አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰው አፍ የጠበቅሁት ይህን ነበር። ሲመጣ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ አላለኝም።

«ትችል ነበር» አልኩት።

ምርኩዜን አንሥቼ ሰልፉን አስጀመርኩ። ኔቪል ከገመዱ ማዶ ቀረ።