ያልተቆጠረው የዋኘው ልጅ

የወይራ አፋፉ ዋኘው ሰላምታ እንኳ የሚጠረጥር ሰው ነበር። ጎረቤቱ «እንደምን አደርህ» ካለው «ደህና» ብሎ ያልፍና፣ ጥቂት ራመድ ሲል ዞር ብሎ ያየዋል። የከብት ሐኪም ለክትባት መጣ ሲባል በሬዎቹን ነድቶ ገደል ይወርዳል። ማዳበሪያ የመጣ ጊዜም አንድ ክረምት ሙሉ የጎረቤቱን የቢሻውን ማሳ ሲሰልል ከረመ፤ የቢሻው ገብስ አለማረሩን በዓይኑ ካየ በኋላ ነው እሱም የሞከረው። ሚስቱ ትርንጎ «የገዛ ጥላውንም ከወዴት መጣህ ሳይለው አይቀር» እያለች ትስቅበት ነበር።

እንዲያው በከንቱም አልነበረም። ወይራ አፋፍ ከትክል ድንጋይ ከተማ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ፣ ገብስና ዳጉሳ የሚታረስበት ትንሽ መንደር ነው። በደርግ ዘመን ቆጣሪዎች መጥተው የቤተሰቡን ብዛት ሲጠይቁ የዋኘው አባት የዋህ ነበሩና የልጆቻቸውን ስም አንድ በአንድ ጠርተው አስቆጠሩ። ብዙም ሳይቆይ የዋኘው ታናሽ ወንድም ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ፤ በዚያው ቀረ። ቆጠራውና አፈሳው ይገናኙ አይገናኙ ያረጋገጠ የለም። ለዋኘው ግን ተገናኝተዋል፤ በቃ። ድሮም በዚያ አገር ልጅና ከብት መቁጠር በረከት ያነሳል ይባላል። ስንት ልጅ አለህ የተባለ ሰው «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ብሎ ያልፋል።

መንግሥት ተለውጦ በሰማንያ ሰባት ጥቅምት እንደገና ቆጠራ ሲመጣ ታዲያ ዋኘው አልተዘናጋም። ያለው አንድ ወንድ ልጅ ምስጋናው ነው፤ ያኔ አፍላ ጎረምሳ። ማለዳ ቆላ ወዳለችው አክስቱ ሰደደውና እሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቆጣሪውን ጠበቀ።

«ስንት ናችሁ፣ አባት?» አለው ቆጣሪው። ከከተማ የመጣ አስተማሪ ነበር።

«እኔና እሷ።»

«ልጅ የለም?»

«ሴቶቹን ድሬያለሁ።»

«ወንድስ?»

«ወንድ የለኝም።»

ትርንጎ ከጓዳ ሆና ሰማች። አስተማሪው እንደሄደ ወጣች። «ምነው አፍህ! በሕይወት ያለ ልጅ የለኝም ይባላል?»

«ይጻፍና ይወሰድብሽ ወይስ ሳይጻፍ ይኑርልሽ?» አላት። ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። እሱ ደግሞ ትልቅ ብልሃት የሠራ መስሎት ሲኮራበት ባጀ።

በሰማንያ ዘጠኝ የመሬት ሽግሽግ መጣ። መሬቱ እንደ አዲስ ይደለደላል፣ ለአቅመ አዳም የደረሰ ጎረምሳ ሁሉ የራሱን ድርሻ ያገኛል ተባለ። ለምስጋናው ነገሩ የሞት የሽረት ነበር፤ ያጫት ልጅ አባት «የሚያርሰው ከሌለው ልጄን አልሰጥም» ብሏል። አባቱን እግሩ ሥር ወድቆ ለመነው። «ልጄ ነው ይበሉ፣ አባ። ሌላ ምንም አልፈልግም።» ዋኘው አዎም እምቢም አላለው። መሬት በነጻ የሚሰጥ ሰው ምን ሊወስድ ነው? ያኔ ዋሽተሃል ብለው ቢያስሩኝስ? ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ሰነበተ።

ስብሰባው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ ከትልቁ ዝግባ ሥር ተደረገ። የዋኘው ቤት ተራ ደርሶ «ባልና ሚስት» ተብሎ ሊታለፍ ሲል ቢሻው ተነሣ። ድንበርተኛው ነው፤ ወሰን ይገፋብኛል እያለ ዋኘው ዕድሜ ልኩን ሲጠብቀው የኖረ ሰው።

«በዋኘው ቤት ወንድ ልጅ አለ» አለ ቢሻው። «ይኸው ቆሟል። ያን ጊዜ ያልተቆጠረው በፍርሃት ነው፤ ሸጋ ልጅ ነው፣ ድርሻው ይሰጠው።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ዋኘው ዞረ። ሰብሳቢውም «አያ ዋኘው፣ ይህ ልጅ ያንተ ነው?» አለው።

ዋኘው የሚያየው ቢሻውን ብቻ ነበር። ይህ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው የሚያዝንልኝ? ልጄን ለጦር አስወስዶ፣ እኔ ስደክም መሬቴን ሊጠቀልል ነው። ወጥመዱ ፍንትው ብሎ ታየው። ወጥመድ ግን አልነበረም።

«የእህቴ ልጅ ነው» አለ። «ለእንግድነት የመጣ።»

ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢው «አባት ካልመሰከረ እኛ ምን እናድርግ» ብሎ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ። ልጁ ቢጮህ፣ ቢሳደብ ይሻል ነበር፤ እሱ ግን አባቱን አንዴ አይቶ ከሰዉ መሀል ወጣ። በማግስቱ ወደ መተማ እርሻ ወረደ። የታጨችለትም ልጅ ለሌላ ተዳረች።

ወይራ አፋፍ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሆነ። ቤቱ በዛ፣ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ማሳው ግን በወንድማማች እየተከፈለ በሬ የማያዞር ሆነ። ገብስ ይበቅልበት የነበረው ተረተር ባሕር ዛፍ ሞላው። ጎረምሳው በሰሊጥ ወቅት ሁመራ፣ በበጋ ጎንደር ለግንባታ ሥራ ይወጣል፤ ልጃገረዶቹም ዓረብ አገር መሄድ ጀመሩ። ዋኘው የልጁን ወሬ ከመጣ ከሄደው ሁሉ ይጠይቃል፤ የሚነግሩትን ግን አያምንም። ልጄን ያሳጣኝ ቢሻው ነው ማለቱንም አልተወም።

አንድ ዓመት ወገቡን ታሞ መሬቱን ቢሻው በእኩል አረሰለት። ዋኘው አውድማው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተጋድሞ፣ እህሉ ሲሰፈር ዓይኑን አልነቀለም፤ ሌባውን እጅ ከፍንጅ ሊይዝ። ቢሻው የዋኘውን ድርሻ ሞልቶ ሰፈረ፤ የታመመ ቤት ነው ብሎም ከራሱ ላይ ጨመረበት። ያን ቀን ዋኘው እህል አልቀመሰም። ልጁን ያባረረው ራሱ መሆኑ የገባው ያን ቀን ነው፤ ሐዘኑም ያንገበግበው ጀመር።

ትርንጎ ከሞተች በኋላ፣ በሁለት ሺህ ሰባት፣ ምስጋናው አዘዞ ግንበኛ ሆኗል ሲሉት ተነሥቶ ሄደ። መሬቱን ሊያወርሰው ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ ራሱን ሲያዘጋጅ ነበር፤ በሰው ፊት «የአገሬ ሰው ነው» ቢለኝ እውነቱን ነው፣ አዎ ብዬ እቀበላለሁ እያለ።

ምስጋናው ጅምር ቤት ላይ ድንጋይ ሲደረድር አገኘው። ጠጉሩ መሸበት ጀምሯል። አብሮት የሚሠራው ሰው «ማናቸው እሳቸው?» ሲል ጠየቀ።

«አባቴ ናቸው» አለ ምስጋናው፣ ከመሰላሉ እየወረደ።

ዋኘው አሸዋው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልጁ ውሃ አመጣለት፣ ፊቱን አጠበው። ሲረጋጋ የመሬቱን ነገር አነሳለት፤ ና ግባ፣ ያንተ ነው አለው። ምስጋናው ራሱን ነቀነቀ።

«እዚህ አባቴ ናቸው ማለት የምችለው፣ ያን ቀን ያሉትን የሰማ ሰው ስለሌለ ነው፣ አባ» አለ። «እዚያ ግን ያልሰማ የለም።»