ለቀበሮ የማይሆን ጥይት

በፈረንጆች 2016 ነው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ጠመንጃ ሱቅ ጥይት ሻጭ ሆኜ ገባሁ። አለቃዬ ዴል በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ብቻ አስተማረኝ፦ «ደንበኛ ትልቁን ከጠየቀ ትልቁን ስጠው። ካልጠየቀም ትልቁን አሳየው።»

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። ግን ወታደር ነበርኩ፤ ትልቅ ጥይት ትልቅ ሰው እንደማያደርግ አውቃለሁ። ይህንኑ ለዴል ነገርኩት። «ለደንበኛ እንዳትነግር» አለኝ።

ካዮቲ የሚሉት የዚህ በረሃ አውሬ ከቀበሮ ከፍ፣ ከተኩላ ዝቅ ያለ ነው። ግማሹ ፀጉር ነው። ለእሱ ቱ ቱ ትሪ የምትባለው ትንሽ ጥይት ትበቃዋለች፤ አረሯ ቀላልና ፈጣን ነው፣ ገላ ውስጥ ገብቶ ይበታተናል እንጂ ወዲያ አያልፍም። ለቀበሮማ ከዚያም ያነሰች ትሻላለች፤ ቆዳዋን አታበላሽም። የሚመጣው ሰው ሁሉ ግን የሚጠይቀኝ የዝሆን ጥይት ነው።

ከነዚህ አንዱ ሰይድ ነው። የወሎ ልጅ፣ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል ነጂ፤ ቤቱ ዊትኒ የሚባል ሰፈር ሆኖ ከከተማ ወጣ ብሎ ፍየል ያረባል። ለአረፋ ያገራችን ሙስሊም ፍየል የሚወስደው ከሱ ነው። ባለፈው ዓመት አረፋ ሲቃረብ የሥራ ሺፍቱን ጨርሶ ሱቁ መጣ።

«ጋሼ፣ ካዮቲ ፍየሎቼን ጨረሰብኝ። ለአረፋ ሰው ፊት ምን ይዤ ልቆም ነው? ትልቁን ጠመንጃ ስጡኝ።»

«ጠመንጃ የሚመረጠው ከጥይቱ ነው» አልኩትና ቱ ቱ ትሪዋን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። አገላብጦ አያት።

«ይቺ እኮ የጥንቸል ናት።»

«የአንበሳ ብሰጥህ አንበሳ አለህ? ቀበሮ ገዳይ ብሎ የፎከረ ሰው ሰምተሃል?»

«አያቴ ጎሽ ገዳይ ነበሩ።»

«ጎሹን ዊትኒ ነው የገደሉት?»

ዴል ቋንቋችን ባይገባውም የገበያው ሽታ ገባው። ባለ ሦስት መቶ ማግነም የሚባለውን ትልቅ ጠመንጃ ይዞ መጣ። ሰይድ ጠመንጃውን እንደ ሙሽራ አቀፈው።

«ከካዮቲው ኋላ ምን እንዳለ ቼክ አድርገሃል?» አልኩት።

«በረሃ ነዋ» ብሎ ማግነሙን ገዛ።

እሑድ ኦፍ ነኝ። «መጥተው ይዩና ከዚያ ይሳቁ» ብሎ ፍየሎቹ ጋ ወሰደኝ። ፀሐይ ስትወጣ ካዮቲው በበረቱ ጫፍ ብቅ አለ። ሰይድ አነጣጥሮ ቃታ ሳበ። ሰደፉ ትከሻውን መትቶ በቂጡ አስቀመጠው፤ ካዮቲው ሁለት ቦታ ወደቀ።

«አዩልኝ ጋሼ?»

አየሁ። አረሩ ካዮቲውን በጥሶ፣ ከኋላው የቆመውን የውሃ ታንከር በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ውሃ እዚያ በቦቴ ነው የሚመጣው፤ ቦቴው የሚመጣው ሐሙስ ነው። በዚያ ሙቀት ያለ ውሃ የዋለ ፍየል ሐሙስን አያያትም።

ሰይድ መግቢያውን በመዳፉ ደፈነ፣ እኔ መውጫውን። ታንከሩን ግራና ቀኝ አቅፈን ቆምን። ካዮቲ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። ሁለተኛው ዝግ ብሎ መጥቶ አንዷን ፍየል በጉሮሮዋ ይዞ ይጎትት ጀመር።

«ጋሼ፣ ልልቀቅ?»

«ልቀቅ። እሷን አድንና ሌሎቹን በጥም ፍጃቸው።»

አልለቀቀም። ዓይኑ እያየ ወሰደበት።

ካዮቲው ከሄደ በኋላ ነው መላው የመጣልኝ። «ኪስህ ውስጥ ጥይት ቀርቷል?» አልኩት። አንድ አወጣ። «በመሐረብህ ጠቅልለህ ወሽቀው።» ልክ ገባ።

«ለዚህስ ትልቅ መሆኑ በጀ» አልኩት። አልሳቀም። የኔ ቀዳዳ ሰፊ ስለነበር እንጨት ጠርቦ አመጣልኝ።

ፍየሎቹ አንዷ ጎድላ ለአረፋ ደረሱ። ጥይት የሚመረጠው በአውሬው ልክና ከአውሬው ኋላ ባለው ነገር ነው። በተኳሹ አያት አይደለም።

በተኩሱ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሱቁን ልከፍት ስደርስ ሰይድ በር ላይ ቆሟል። «የጥንቸሏን ስጡኝ» አለ። ዴል ማግነሙን እንደ አሮጌ ዕቃ ተቀብሎ ባለ ቱ ቱ ትሪውን ለወጠለት፤ በሁለቱም አተረፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አጽዳውና መስኮቱ ላይ ስቀለው፤ ደንበኛ የሚስብ ነገርም ጻፍበት» አለኝ።

አጸዳሁት። ካርቶን ቆርጬ በአማርኛ «ታንከር ገዳይ» ብዬ ጻፍኩና አፈሙዙ ላይ አንጠለጠልኩት።