አያቴ ሞጣ ወስዳ ክርስትና ያስነሳችኝ ጊዜ

ስለ አያቴ ስለ ፈንታነሽ ከማውቀው ግማሹን ራሴ ያየሁት ነው። ሌላውን የነገረችኝ እናቴ ናት። እናቴና አያቴ ብዙም የማይዋደዱ ምራትና አማት ስለነበሩ፣ እናቴ አያቴን ስታመሰግን እውነቷን እንደሆነ አውቃለሁ።

ፈንታነሽ የተወለደችው ሞጣ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቷ ቢቸና ለሚኖር ገብረ ክርስቶስ ለሚባል ዲያቆን ተዳረች፤ እሱም ቆይቶ ቀሰሰ። አራት ልጆች ወልደው ሦስቱን በሕፃንነታቸው ቀበሩ። የተረፈው አባቴ ያየህ ብቻ ነው። ያየህ ሰባት ዓመት ሲሆነው ቄስ ገብረ ክርስቶስ በደረት ሕመም ሞቱ። አያቴ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። የሚጠይቋት ወንዶች ነበሩ፤ እሷ ግን በቁርባን ያገባሁ የቄስ ሚስት ነኝ ብላ ሌላ ትዳር አልያዘችም። ጥጥ እየፈተለች ልጇን አሳደገች፣ አስተማረች። ክሯ ቀጭንና አንድ ወጥ ስለነበረ ሸማኔዎቹ ገበያ እስክትወጣ አይጠብቁም፤ ቤቷ ድረስ ይመጡ ነበር።

ከእንዝርቷ የተረፈው ጊዜዋ የቤተ ክርስቲያን ነው። ማለዳ ኪዳን ላይ ካልታየች ታማለች ተብሎ ሰው ይላክባታል። የፍልሰታን ሁለት ሳምንት በጥሬና በውኃ ትጨርሳለች። ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት ለቅሶ የምትቀመጥለት እሷ ናት። ቅድስት ግን አልነበረችም፤ ኃይለኛ ነበረች። ቅዳሴ ላይ የሚያወሩ ሴቶች ካየች በመቋሚያዋ ጎናቸውን ትነካለች፤ አንዳንዴም ከመንካት ያልፋል።

አባቴ አስተማሪ ሆነ። አብዮቱ ሲመጣ ከልቡ ነው የተቀበለው። የጭሰኛ ልጆች በባዶ ሆዳቸው ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፉ ያይ ስለነበረ፣ የመሬት አዋጁ በሬዲዮ ሲነበብ አለቀሰ ይባላል። ቆይቶ ማስተማሩን ተወና ካድሬ ሆነ። በ1976 ዓ.ም. በአውራጃው ውስጥ ጓድ ያየህን የማያውቅ አልነበረም።

በዚያ ዘመን የቀበሌ ስብሰባ የሚጠራው እሑድ ጠዋት ነው። አያቴ ቅዳሴዋን ጨርሳ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ እንዳጣፋች፣ ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ትደርሳለች። አንድ እሑድ ሰብሳቢው በሰው ፊት ጠየቃት።

«እማማ ፈንታነሽ፣ ስብሰባው በሁለት ሰዓት ነው የተባለው። ለምን ዘገዩ?»

«ቅዳሴ ነበርኩ።»

«ሁሉም ሰው እንደ እርስዎ ቢያደርግ ስብሰባው እንዴት ሊሆን ነው?»

«ሁሉም ሰው እንደ እኔ ቢያደርግማ ከቅዳሴ በኋላ ትጠሩን ነበር።»

ሰው ሳቀ። አባቴ ከፊት ከተቀመጡት አንዱ ነበረ፤ አንገቱን ደፍቶ ወረቀት ማገላበጥ ያዘ።

እኔ የተወለድኩት በዚያው ዓመት ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። እናቴ ማናለሽ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ቢቸና ጤና ጣቢያ ተቀጥራ ነው ከአባቴ ጋር የተዋወቁት። ስም ያወጣልኝ አባቴ ነው፣ ውበቴ ብሎ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ስለሆነ፣ አያቴ ከተወለድኩባት ሰዓት ጀምራ ቀኑን ትቆጥር ነበር። እሷ አፍ አውጥታ ሳትጠይቅ አባቴ ቀደማት።

«እማዬ፣ የምታስቢውን አውቃለሁ። አይሆንም።»

«አንተንም እኮ በአርባ ቀንህ ክርስትና ያስነሳሁህ እኔ ነኝ።»

«ያ ሌላ ጊዜ ነበር። አሁን እንዲህ ያደረገ የፓርቲ ሰው ሥራውን ያጣል። በሥራው ብቻ ከታለፈም ጥሩ ነው።»

ከዚያ በኋላ አያቴ እንዝርቷን ይዛ ሳትፈትል ትቀመጥ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ እኔን ስታጠባ፣ አያቴ ድንገት ተናገረች።

«ሦስት ልጆች ቀብሬያለሁ። ሦስቱም ግን ተጠምቀው ነው የሄዱት። ይቺ እንዲሁ እንዳለች አንድ ነገር ብትሆንብኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ያየህን ደግሞ በእኔ ምክንያት ቢያስሩት?»

እናቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ከአማቷ ጋር ልብ ለልብ ተነጋግራ አታውቅም። «እኔም እፈልጋለሁ እማማ» አለቻት። «ግን እዚህ ከተማ ውስጥ እንዴት ይሆናል?»

«እዚህማ አይሆንም። ሞጣ እንሄዳለን።»

ሰማንያው ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው አያቴ ለአባቴ ነገረችው። «ማናለሽንና ልጅቱን ይዤ እህቴ ሸዋነሽ ዘንድ ልሄድ ነው። ልጅቱን አላየቻትም።» ውሸት አልነበረም። አባቴ እሷን አየ፣ እናቴን አየ። ከዚያ ካፖርቱን ከግድግዳው ላይ አወረደና ለእናቴ ሰጣት። «ሞጣ ብርድ ነው» አለ።

በማግስቱ ጠዋት በአውቶቡስ ተነሱ። ደብረ ወርቅ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ከሚገቡት ሰዎች መካከል ጓድ ከፋለ ነበረበት። ከፋለ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ነው፤ የየጥኖራ ልጅ፣ ገና ሚስት ያላገባ፣ ቤታችን ገብቶ የበላ የጠጣ ሰው። አያቴን ሲያይ ደስ ብሎት አጠገቧ ተቀመጠ።

«ወዴት ነው እማማ?»

«ሞጣ፣ እህቴ ዘንድ።»

«ሕፃኗ አደገች እኮ! ስንት ጊዜዋ ሆነ?»

እናቴ አያቴን በክርኗ ነካቻት። ሁለት ወር አልፏታል ብትል ይበቃ ነበር። አያቴ ግን መሸፋፈን አልሆንላት አለ።

«ነገ ሰማንያ ቀን ይሞላታል» አለች።

የከፋለ ፈገግታ ጠፋ። ሞጣ እስኪደርሱ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ሄደ፤ ሲወርዱም ቻው ሳይላቸው ተለየ።

ሸዋነሽ ቤት ገብተው እግራቸውን እንደታጠቡ እናቴ ለመነቻት። «አይቶናል እኮ እማማ። ይቅርብን፣ ነገ ጠዋት እንመለስ።»

«ብንመለስም አይቶናል፤ ብናስጠምቃትም አይቶናል» አለች አያቴ። «እንግዲህ የመጣንበትን ፈጽመን እንመለስ።»

ጠዋት ሞጣ ጊዮርጊስ ወሰዱኝ። ያጠመቁኝ መምሬ አካለ ወልድ ይባላሉ፤ ከየት እንደመጣን ጠይቀው፣ ቢቸና ሲባሉ ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም። የክርስትና እናቴ የሸዋነሽ ጎረቤት ባንቺዓለም ሆነች። ወለተ ገብርኤል ተባልኩ። ውኃው ቀዝቃዛ ስለነበረ ጩኸቴ ቅጽሩን አልፎ ተሰማ አሉ። ቅዳሴው ሲያልቅ እናቴ አያቴን ፈልጋ ብታጣት፣ ግቢው ጥግ ካለ ዛፍ ሥር ተቀምጣ አገኘቻት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ታለቅሳለች። እናቴ አጠገቧ ተቀመጠች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አባቴ በአባላት ስብሰባ ላይ ቆሞ እንዲያስረዳ ተጠራ። ከፋለ ያየውን ተናግሮ ነበር። አያቴ ይህን ከእናቴ ስትሰማ መቋሚያዋን አነሳችና ወጣች። እናቴ ልትይዛት ተከተለቻት፣ አልደረሰችባትም።

የስብሰባው አዳራሽ ዘበኛ አላስገባም አላት። እሷም በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ለረፍት የወጡት ሰዎች ሲመለሱ መካከላቸውን ሰንጥቃ ገብታ አዳራሹ መካከል ቆመች።

«እማማ፣ ይህ የአባላት ስብሰባ ነው» አላት ሰብሳቢው።

«አውቃለሁ፤ አልቆይም። ልጅቱን ያስጠመቅኋት እኔ ነኝ። ሞጣ ወስጄ፣ ቀኗን ጠብቄ። እሱ ቤቱ ነው የነበረው። ልትጠይቁ ከሆነ እኔን ጠይቁኝ።»

እዚህ ላይ ነገሩ ሊያልቅ ይችል ነበር። አንዲት አሮጊት ከልጇ ተደብቃ ያደረገችው ነው ተብሎ ለመዝጋት የፈለጉ እንደነበሩ አባቴ ነግሮኛል። ከእሱ የሚጠበቀው አላውቅም ነበር ማለት ብቻ ነው። አባቴ ተነሳ።

«አውቅ ነበር» አለ። «ሲሄዱ አውቄ ነው የሸኘኋቸው። እናቴ በዚህ ዕድሜዋ ለእኔ ስትል ብቻዋን እንድትቆም አልፈልግም።»

አያቴ ዞር ብላ አየችው። «ምነው ዝም ብትል!» አለችው ይባላል።

አላሰሩትም። ከሥራው አንስተው ከመርጡለ ማርያም ወዲያ ካለ የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ አድርገው ላኩት። መብራት የነበረውን የመንግሥት ቤታችንን አስለቀቁን። እናቴ የጤና ጣቢያ ሥራዋን መተው ስላልቻለች፣ እኔን ይዛ ባለ አንድ ክፍል ወደሆነው የአያቴ ቤት ገባች። ሁለት ዓመት እንዲያ ኖርን። እናቴ የዚያን ጊዜ ምሬቷን አትደብቅም። «እኔው ፈቅጄ ያደረግሁትን በእሷ አሳበብኩ» ትላለች፤ «ድስቱ ሲያር በእሷ፣ ጣሪያው ሲያፈስ በእሷ።» አያቴ ይህን ሁሉ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፍ ነበር። ለንስሐ አባቷ ለቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ግን «ልጄን ከኑሮው አፈናቀልኩት» ብላ አልቅሳ ነበር። ይህን ያወቅነው በኋላ፣ ኑዛዜ ስላልነበረ ቄሱ ራሳቸው ሲነግሩን ነው።

አባቴን ይቅርታ ጠይቃው አታውቅም። በየወሩ ግን በሶና ድርቆሽ አዘጋጅታ፣ ልብሱን አጥባ፣ መርጡለ ማርያም ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በእግሯ እየሄደች ታደርስለት ነበር። ክረምት አያስቀራት፣ ጾም አያስቀራት። ተማሪዎቹ ከሩቅ ሲያዩዋት «የመምህር እናት መጣች» እያሉ ስንቋን ሊቀበሏት ይሮጣሉ። አባቴ በዚያ ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት አስተማረ፤ ኋላ እናቴም ተዛውራ ሄደች። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚወደው ያንን እንደሆነ ሲናገር ሰምቻለሁ።

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ የቢቸና ካድሬዎች ተይዘው አንድ መጋዘን ውስጥ ታሰሩ። ከፋለም አብሮ ተያዘ። መንገዱ በጦርነት ስለተዘጋ እናቱ ከየጥኖራ መምጣት አልቻለችም። አያቴ ይህን እንደሰማች ምሳ ቋጥራ ሄደች፤ በማግስቱም ሄደች። እኛ ለበዓል ቢቸና ስንመጣ አባቴ አገልግሉን ስታሥር አገኛት።

«እማዬ፣ ለከፋለ ነው?»

«አዎ።»

«ከተማው ውስጥ ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው አንቺ የምትሄጂው?»

«እናቱ ሩቅ ናት» አለች፤ የአገልግሉን ጠፍር ማጥበቋን አላቆመችም። «አንተ ሩቅ ሳለህ እኔ መምጣት ችዬ ነበር። እሷ አልቻለችም።»

አባቴ አገልግሉን ከእጇ ተቀብሎ አብሯት ወጣ። እኔም ተከተልኳቸው። ከፋለ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያየን አባቴን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። አባቴ «እንዴት ነህ?» አለው። «ደህና ነኝ» አለ። ስለ እናቱ ጠየቀው፣ ስለ ጤናው ጠየቀው፤ ስለ ሌላው አላነሱም። አያቴ ስምንት ወር ሙሉ፣ እስኪፈታ ድረስ፣ ምሳውን አላቋረጠችም።

ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየችም። በ1985 ቆብ ደፍታ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ተባለች፤ ሞጣ ሄዳም ከእህቷ ጋር ኖረች። ያረፈችው በሁለተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ነው። ቀብሯ ላይ ከቢቸና በጭነት መኪና ተጭነው የመጡት ሴቶች የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር ሞሉት። እናቴ ከሁሉም በላይ አለቀሰች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ሴቶቹ ደግፈው እስኪያነሷት ድረስ ከመቃብሩ አፍ አልተነሳችም።