የከረመ ውሃ ልመና

አባቴ ግራ ጎኑ ሽባ ከሆነ በኋላ ውሎው ከዓሦቹ ጋር ሆነ። ልደታ በነበረው ቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር በተቀመጠ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ጥቂት ቀያይ ዓሦች ነበሩት፤ አራት ይሁኑ አምስት ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። መናገር ስለከበደው፣ ከእኛ ይልቅ ከእነሱ ጋር መዋል ሳይቀለው አልቀረም።

ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለነበር ዓሦቹ የኖሩት በርሜል ውስጥ በከረመ ውሃ ነው። ለማከሚያ የሚጨመርበት ክሎሪን እዚያው ሲከርም እየጠፋ እንደኖረ ግን ማናችንም አላወቅንም።

አንድ ቅዳሜ፣ ተቋርጦ የሰነበተው ውሃ ተመለሰ። እንደ ሰፈሩ ልማድ እናቴ አሮጌውን ውሃ ለልብስ አጠባ ገልብጣ በርሜሉን አዲስ ሞላች። ከዚያም ለዓሦቹ አዘነችላቸው።

«እኛ አዲስ እየጠጣን እነሱ የከረመ? ግፍ ነው!» ብላ የገንዳውን ውሃ ከቧንቧው በቀዳችው ለወጠችው። በረኪና በረኪና እንደሸተተኝ አስታውሳለሁ፤ ምናልባት ግን ይህ በኋላ የተጨመረ ትዝታ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አባቴ በደህናው እጁ የወንበሩን መደገፊያ ይደበድብ ጀመር። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ አንዱ በጎኑ ተንሳፍፏል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ዓሦቹን ለሸጠልን ሰው ደወልኩለት።

«ከቧንቧ በቀጥታ? ወንድሜ፣ የዋና ገንዳ አደረጋችሁት እኮ! ቶሎ የከረመ ውሃ ፈልጉ። ለወደፊቱ የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲተን ክፍቱን አሳድሩት።»

የእኛው አሮጌ ውሃ ሳሙና ገብቶበት ስለነበር እናቴ ጀሪካን አንጠልጥላ ወጣች። ግቢው በሙሉ በርሜሉን እየገለበጠ ነበር።

«እትዬ፣ ቧንቧው እየፈሰሰ የከረመ ውሃ ልመና? ምን ነካዎት?» አለች አንዲት ጎረቤት እየሳቀች።

«ለእሱ ዓሦች ነው፤ ሊሞቱበት ነው።»

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጠች። ልብስ ልትዘፈዝፍበት የነበረውን ውሃ ሳሙና ሳይነካው ጀሪካኑ ውስጥ ገለበጠችው።

በጎኑ የተንሳፈፈው ሞተ፤ የቀሩት ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረዱ። እናቴ አባቴ አጠገብ ተቀምጣ «ገደልኩብህ» አለችው። እኔ «አላወቅሽም» ሲላት የሰማሁ ይመስለኛል። እህቴ ግን የእናቴን እጅ ያዘ እንጂ ቃል አልተነፈሰም ትላለች።

ከዚያ ወዲህ፣ ውሃ ሳትከድን አስቀምጣ የማታውቀው እናቴ፣ ሰፊ ሳፋ ሞልታ ክፍቱን ከአባቴ ወንበር አጠገብ ታሳድረው ነበር።