ሸምሱ ቅቤ ተቀብቶ ሊለካ የመጣ ቀን

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ጢሜን በግራ እጄ እላጫለሁ። ጫማዬን ራሴ አስራለሁ። የጓሮዬን እንሰት ማንም አይኮተኩትልኝም። ይህንንም በአንድ ጣት የምጽፈው እኔው ነኝ፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመን የቆጠርኩት ፊደል ይበቃኛል።

ሸምሱ ሞተ ብዬ ግን መጻፉን ቻልኩ እንጂ ማመኑን አልቻልኩም።

ዛሬ ጠዋት ልጁ ሰሚራ ደወለች። «አባባ፣ አባቴ…» አለች።

«እንደገና ጣለው?» አልኳት።

«ጣለው። አልተነሳም።»

ስልኩን ዘጋሁባት። ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበርነው፤ አሁንም ውሸት ይመስለኛል።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሸምሱ በአይሱዙ ከዶዮገና ሆሳዕና ድንችና ቆጮ ሲያመላልስ ያረጀ ሾፌር ነው። ባለቤቴ ሆስፒታል ስታርፍብኝ አስከሬኗን ቤቴ ያደረሰልኝ እሱ ነው። በኋላ ሁለታችንንም ስትሮክ መታን። እኔን ግንበኛውን ቀኝ እጄን ነሳኝ፣ እሱን ሾፌሩን ግራ እግሩን። ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለው መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «ሞተሩ ደህና ነው፤ መሪው ነው የላላው።»

ባለፈው ሳምንት ከስትሮክ የተረፍነውን ሊለኩን ሆስፒታል ጠሩን። ራስ ላይ ሽቦ ይለጠፋል፣ ደረት ላይም ይለጠፋል። የአንጎልን ሥራና የልብን ምት አንድ ላይ ያያሉ። ሲስተሯ በደንብ አስረዳችን። ልብ ምቱን ሲስት ደም ይረጋል፣ የረጋው ወደ አንጎል ወጥቶ ሰው ይጥላል አለች።

እኔ ተለካሁ። የሸምሱ ተራ ደረሰ። ኮፍያውን ሲያወልቅ ራሱ በቅቤ ርሷል። ባለቤቱ ዘይነባ ናት የቀባችው። እኛ ጋ ራሱን የታመመ ሽማግሌ ለትልቅ ጉዳይ ሲሄድ ራሱ ደርቆ ከቤት አይወጣም።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችው ሲስተሯ።

«ቅቤ ነዋ! የዶዮገና ቅቤ። አታውቂውም እንዴ?»

«ሽቦው አይይዝም እኮ!»

«እንግዲያው ሽቦሽ ነው የማይረባው።»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ለጠፈችው፣ ተንሸራተተ። ጠርጋ ለጠፈችው፣ ተንሸራተተ። ታጥበው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ይምጡ አለችው። ቀጥላም «ልብዎን ብቻ እንኳ ዛሬ ልየው» ብላ ለመነችው።

«ልቤን ተዪው ልጄ፣ ልቤ ምንም አላለኝም። ሁለቱንም ሐሙስ ታዪዋለሽ።»

«አስለካ፣ አንተ ግትር!» አልኩት።

«ማን ነው ግትር? ከዘራ አልይዝም ብሎ ገበያ መሀል የተዘረረው ማነው?» አለኝ። ደግሞ ተሳቀ። ኮፍያውን ደፍቶ እግሩን እየጎተተ ወጣ።

ዛሬ ረቡዕ ነው።

ለቅሶው ላይ ዘይነባ ሁለት እጆቿን ዘርግታ እያየች «በዚህ እጄ ነው፣ በዚህ እጄ ነው» ትላለች። ከኋላዬ ደግሞ አንዱ «ቅቤው ነው አሉ የገደለው» ሲል ሰማሁ። ማን እንደሆንክ አውቄሃለሁ። ስምህን ያልጻፍኩት ሐዘን ላይ ስለሆንን ነው።

ቅቤ ሰው አይገድልም። ሲስተሯ ልብዎን ልየው ስትለው እንቢ ያለው ሸምሱ ራሱ ነው፤ አጠገቡ ሆኜ ሰምቻለሁ። ዘይነባ ያደረገችው እናቶቻችን ሲያደርጉ የኖሩትን ነው። ይህ እንዲታወቅ ብዬ ነው የጻፍኩት። ለእሷም ነገርኳት። አልሰማችኝም። ነገም የምትሰማኝ አይመስለኝም።

ቢለካ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። የሚያውቅም ሰው የለም። የእኔ ልብ ምቱን እየሳተ መሆኑን በዚያው ቀን ደረሱበት። ደም እንዳይረጋ የሚዋጥ ኪኒን ሰጡኝ። ይኸው አለሁ።

ሸምሱ፣ ሽቦው ለእኔ የያዘልኝ የሚቀባኝ ሰው ስለሌለኝ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር እኔም ቅቤዬን ተቀብቼ፣ እኔም ሐሙስ ና ተብዬ እመለስ ነበር። እንግዲህ በዚህ ተረፍኩ ብዬ ደስ ይበለኝ? ቤት ገብቼ ኪኒኑን እጄ ላይ አድርጌ ሳየው ቆየሁ። ዋጥኩት። ለምን እንደዋጥኩት ግን አላውቅም።

ያለብኝን ውለታ ለልጆች አልተውም። የእሷን አስከሬን ትከሻህን ሰጥተህ ተሸክመሃል። እኔ ዛሬ ቃሬዛህን ልይዝ ስል «ተው አባባ፣ ትወድቃለህ» ብለው ገለል አደረጉኝ። የመቃብርህን ድንጋይ በግራ እጄ እኔው እደረድራለሁ፤ ሌላ ግንበኛ እንዳይነካው። ዘይነባ ጋ ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ። ሰማችኝም አልሰማችኝም ያየሁትን እነግራታለሁ። ደግሞ… በቃ። ብዘረዝረው ምን ያደርግልሃል።

በል ሂድ ወንድሜ፣ አላህ በደህና ይቀበልህ። ዘይነባን ከዚህ ጸጸት የሚያወጣት «አንቺ አይደለሽም» የሚል ያንተ አንድ ቃል ነበር። እሱንም ይዘኸው ሄድክ።