የአባቴ ሁለተኛ ዓይን

ልጅ እያለሁ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት የሚጀምረው እግር በመታጠብ ነበር። በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበራቸው የአባቴ እህት እትዬ ስንዱ ብቻ ስለነበሩ፣ ደጃፋቸው ላይ ተሰልፈን በዚያ አጥንት በሚቆረጥም ቀዝቃዛ ውኃ ካልታጠብን አያስገቡንም። የልብስ ሳሙና በሚሸት እግራችን ወለሉ ላይ ተኮልኩለን የልጆቹን የሥዕል ፕሮግራም እንጠብቃለን። ሠዓሊው ቆብ ያደረገ ሳቂታ ሰው ነበር፤ መጀመሪያ ሥዕል ያስተምረናል፣ ከዚያ ይመክረናል። ምክሩን እንደ ወንጌል ነበር የምናምነው።

አንድ ቅዳሜ የሰውን ፊት በጎን በኩል አሣሣል አሳየን። ግንባር፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ አንድ ዓይን። «የምትወዱትን ሰው ሥላችሁ ስጡት፤ ደስ ይለዋል» አለ። እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። አባቴ ያን ክረምት ታመው ተኝተዋል፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ዝናቡን ያያሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሣልኳቸው። አፍንጫው ቁርጥ የሳቸው ነበር። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ወረቀቱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። ሊጠይቋቸው የመጡት እትዬ ስንዱ ከኋላ አጮልቀው አዩና አማተቡ።

«ምነው! በአንድ ዓይን? ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ አታውቂም? እነ ይሁዳ እኮ ናቸው! ሊሞት ለተኛ ሰው እንዲህ ያለ ይሰጣል?»

አውቅ ነበር። ጻድቃኑ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጥአኑ በጎን። ግን የቴሌቪዥኑ ሥዕል ከዚያ ጋር ይገናኛል ብዬ እንዴት ላስብ?

አባቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ምን በድዬሽ ነው፣ ልጄ?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ ፊት ለፊት፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን አድርጌ ሥዬላቸው ስገባ፣ ቤቱ በለቅሶ ይናጥ ነበር። እትዬ ስንዱ ወረቀቱን ነጥቀው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ለቅሶ ለመጣው ሁሉ «በአንድ ዓይን ሸኘችው» እያሉ አወሩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሠዓሊው እየሳቀ «ብትሳሳቱ አትዘኑ፣ ላጲስ አለ» ማለቱን ልጆቹ ነገሩኝ።

ዛሬ ያ ፕሮግራም የለም። ልጄ ሥዕል የምትማረው ከስልክ ነው፤ እግርሽን ታጠቢ የሚላትም የለ። በቀደም እኔን በጎን ሥላ አመጣችልኝ።

«ሌላው ዓይኔስ?» አልኳት።

«ወዲያ በኩል ነዋ፣ እማዬ! አይታይም እንጂ አለ» ብላኝ ወደ ጨዋታዋ ሮጠች።

አባቴ አልጋ አጠገብ ቆሜ ያጣኋት መልስ ይህችው ነበረች።